ፍቅፋቂና ሰጋቱራ

ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ልብ ወለድ አወቃቀርና ስለ ቅኔ ዘይቤ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ መጋዝ አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም። ዛሬ ግን ስለ መጋዝ፣ ያውም ስለ ሞተር መጋዝ ሰንሰለት ልጽፍ ነው። «ምን አገባህ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። አገባኝ! በዚህ ነገር ባለማወቄ ያጠፋሁት ጥፋት አለ። ጥፋቱም አገና ውስጥ፣ አባቴ በተከለው ባሕር ዛፍ መሬት ላይ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በሚያየው ቦታ ተገትሮ ይገኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ታላቅ ወንድሜ ደወለልኝ። የአባታችንን ባሕር ዛፍ ግማሹን ሊያስቆርጥ ነው። ልጁ ታማ ሕክምናዋ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሚኬደው ባንክ ሳይሆን ባሕር ዛፉ ጋ ነው። «ባለመጋዙ ሰንሰለቱ አልቆበታል፤ ከመርካቶ ጥሩውን ገዝተህ ላክልኝ» አለኝ። ቁጥሩንም ነገረኝ።

መርካቶ ገባሁ። ሻጩ ሁለት ሰንሰለት አወጣልኝ። አንደኛው በየጥርሱ ላይ የሠሪው ስም የተቀረጸበት ነው። ሌላኛው ስምም ቁጥርም የሌለው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ዋጋውም የመጀመሪያው ሲሶ የማይሞላ ነበር። ሁለቱም ያብለጨልጫሉ። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ርካሹ ይበልጥ ያብለጨልጫል። «ብረት ብረት ነው» አልኩና ርካሹን ገዛሁ። ወንድሜን ከወጪ ያዳንኩት መስሎኝ በልቤ ኮርቼም ነበር።

ያ ሰንሰለት የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዛፎች እንደ ቅቤ ቆረጠ አሉ። ከዚያ በኋላ ዶለዶመ። ሲሳል ጥቂት ይቆርጥና እንደገና ይዶለዱማል። ብረቱ ለስላሳ ስለነበር እየተለጠጠ ሁለት ጊዜ ከባሩ ላይ ወለቀ። ባለመጋዙ በጉልበቱ እየተደገፈ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ግንዱ እየጨሰ ሰማንያ ያህል ዛፍ ተጣለ፤ የቀረውን በምሳር ጨረሱት። ገንዘቡ ደረሰ፤ ልጅቷም ታክማ ዳነች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም ጉዳዩን ረሳሁት።

በማግሥቱ ዓመት ለመስቀል አገር ቤት ስገባ ወንድሜ አንዲት ቃል ሳይናገር እጄን ይዞ ወደ ባሕር ዛፉ ወሰደኝ። ነጭ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ እንደማይሞት የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከጉቶው ዙሪያ፣ ከልጡ ሥር ያቆጠቁጣል፤ ከቡቃያው መካከል ሁለት ሦስቱ ተመርጦ ይተዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ማገርና አጣና ይሆናል። አንዴ የተከለ ሰው ልጁና የልጅ ልጁ ይቆርጡለታል። ለዚህ ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል። አቆራረጡ ከመሬት ብዙ ያልራቀ፣ ዝናብ እንዳያቁር ዘንበል ያለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጡ ከግንዱ ሳይገነጠል በንጹሕ የተቆረጠ መሆን አለበት። ቡቃያው የሚወጣው ከልጡ ሥር ነዋ! የዶለዶመ ሰንሰለት ግን አይቆርጥም፤ ያኝካል። የእኛ ጉቶዎች ልጣቸው ተገልቦ፣ ጫፋቸው ተሰነጣጥቆ፣ ውኃ አቁረው ጠቁረዋል። ከግማሽ የሚበልጡት አላቆጠቆጡም።

«ይሄ አባባ ለልጅ ልጆቹ የተከለው ነበር» አለኝ ወንድሜ። ሌላ አልጨመረም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ብርድ ልብሴም፣ ሻንጣዬም፣ የመጀመሪያው ዓመት የኪስ ገንዘቤም የተገዛው ከዚሁ መሬት በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው። አንደበተ ርቱዕ መምህር ነበርኩ ብዬ አስባለሁ፤ ያን ዕለት ግን የምመልሰው አጣሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ ነገሩን ከሥሩ ልያዘው ብዬ መጻሕፍት አገላበጥኩ። የመምህር አመል ነው፤ ሲያጠፋ ማንበብ ይጀምራል።

ስለ ዛፉ ብዙዎቻችን የምናውቀው ታሪክ አለ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ዝግባ ለቤትና ለማገዶ ብዙ ዓመት አልበቃም። ከዚያ በፊት የነበሩት የነገሥታት ከተሞች ልማድ ደግሞ ግልጽ ነው፤ እንጨቱ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀልና ወደ ሌላ ደን ይኬዳል። ምኒልክም ይህንኑ ሊያደርጉ በምዕራብ በኩል አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሥራ በኋላ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የሆነው ከተማው መዛወሩ ስለቀረ ነው። ለመቅረቱ ምክንያት ከሚጠቀሱት አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የተነሣው ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም ወደ አገራችን እንደገባ ይነገራል፤ ብዙዎቹ ጸሐፊዎችም አመጣጡን ለምኒልክ አማካሪ ለፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ይሰጡታል። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ባሕር ዛፍ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። ሕዝባችን ስም ሲያወጣ ታሪክ ይጽፋል።

መጻሕፍቱ ዛፉን ያመጣውን ሰው ይጽፋሉ እንጂ የቆረጠውን አይጽፉም። የእኔ ጥያቄ ደግሞ እሱ ነበር። ያን ሁሉ እንጨት ማን ቆረጠው? ማን ፈለጠው?

መልሱ ከእኔው ቤት አይርቅም። የጉራጌ ሰው በምኒልክ ዘመን ከገበረ በኋላ ግብር ለመክፈል አዲስ አበባ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ያገኘው ሥራም የጉልበት ነበር፤ መሬት መቆፈር፣ ሸክም፣ እንጨት መፍለጥ። ሊስትሮውና ሱቁ፣ የመርካቶው ንግድ በኋላ የመጣ ነው። አያቴ በየሰው ደጅ «እንጨት የሚፈልጥ!» እያለ ሲዞር ኖሯል። ምሳሩን በትከሻው እንዳነገበ አገና ተመልሶ ሞተ። ያ ምሳር አሁንም ወንድሜ ቤት ማዕዘን ላይ ቆሟል፤ እጀታው ሦስት ጊዜ፣ ስለቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ እኛ ግን ያው «የአያታችን ምሳር» እንለዋለን።

እዚህ ላይ ግን ደስ የማይል ነገር መጻፍ ግድ ይለኛል። አያቴ ከተማ ወርዶ እንጨት ፈለጠ እንጂ በገዛ አገሩ ዛፍ ጥሎ፣ ጠርቦ፣ ምሶሶ አቁሞ አያውቅም። ያ የእሱ ሥራ አልነበረም። በጉራጌ አገር የእንጨት ሥራ የአንድ የተለየ ወገን ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ በ1950ዎቹ ስለ ጉራጌ ባጠናው ጥናት ላይ «ፉጋ» በሚል ስም ጽፎላቸዋል። ስሙን ባለቤቶቹ አይወዱትም፤ ስድብ አድርገነዋልና፤ ከዚህ በኋላ እኔም አልደግመውም። ያን የሚያስደንቅ ክብ የጉራጌ ቤት፣ መሐል ምሶሶው ሽቅብ ሲታይ አንገት የሚያሳምመውን፣ የሚሠሩት እነሱ ነበሩ። ዛፉን ይመርጣሉ፣ ይጥላሉ፣ ይጠርባሉ፣ ምሶሶውን ያቆማሉ። ቤቱ ሲያልቅ ግን በቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ከሰው ጋር አይበሉም። በልማድ መሬት መያዝም፣ የሰው እርሻ መርገጥም ለእነሱ አይፈቀድም ነበር። ከሠሩት ቤት ተባረው በዳር የሚኖሩ አናጢዎች! የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ በሕግ ደረጃ መሬት ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ ድርሻ ፈቀደላቸው። ሕግና ገበታ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የወንድሜ ባለመጋዝ ከዚህ ወገን ነው። ዕድሜው ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ይሆናል። የአባታችንን ቤት መሐል ምሶሶ ያቆመው አያቱ እንደሆነ የሰማሁት ገና አሁን ነው።

ወደ ሰንሰለቱ ልመለስ። መቼም የሰንሰለት መጋዝ ታሪክ የሚጀምረው ከጫካ ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር። የሚጀምረው ከአዋላጅ እጅ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆን ኤትከንና ጄምስ ጄፍሬ የሚባሉ ሁለት የስኮትላንድ ሐኪሞች ምጥ የጠናባትን ሴት የዳሌ አጥንት መጋጠሚያ ለመቁረጥ በእጅ የሚሳብ ጥርስ ያለው ትንሽ ሰንሰለት ሠሩ። ቀዶ ጥገና ለእናትየዋ ሞት ማለት በነበረበት ዘመን ነው እንግዲህ። እ.ኤ.አ. በ1830 ደግሞ ጀርመናዊው ቤርንሃርድ ሃይነ ሰንሰለቱን በማዞሪያ እጀታ የሚነዳ የአጥንት መቁረጫ አደረገው። ዛሬ ጉራጌ ላይ ባሕር ዛፍ የሚጥለው ዕቃ ቅድመ አያቱ የሐኪም ቤት መሣሪያ ነበር።

ወደ ጫካ የገባው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ሽቱትጋርት ከተማ ውስጥ አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ አወጣ፤ ክብደቱ 64 ኪሎ፣ የሚያዘውም በሁለት ሰው ነው። ኤሌክትሪክ ጫካ ውስጥ ከየት ይምጣ? በ1929 በቤንዚን የሚሠራውን አስከተለ። ሽቲል አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘውን እስኪያወጣ ግን እስከ 1950 መጠበቅ ነበረበት።

ሞተሩ ቀለለ እንጂ ሰንሰለቱ ግን አሁንም ችግር ነበር። የዚያ ዘመን ሰንሰለት ጥርሱ የእጅ መጋዝን ጥርስ የኮረጀ ነው፤ እንጨቱን ይቧጭራል፣ ቶሎ ይዶለዱማል፣ ለመሳልም ጥበብና ግማሽ ቀን ይጠይቃል። ይህን የፈታው መሐንዲስ ሳይሆን የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት እንጨት ቆራጭ ጆ ኮክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 አንድ ቀን ማገዶ ሲቆርጥ ከጉቶ ላይ አንድ የጢንዚዛ እጭ አየ። ጠቋሚ ጣት የምታክል ትል ናት። ደረቁንም እርጥቡንም፣ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫም ሆነ ጅማቱን አቋርጣ እንደ ልቧ ትቦረቡራለች። ሰውየው ትሏን ወስዶ አገላብጦ አያት። መንጋጋዎቿ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እየተፈራረቁ እንጨቱን ይልጡታል እንጂ አይቧጭሩትም። ቤቱ ምድር ቤት ገብቶ የትሏን መንጋጋ በብረት ቀዳ፤ አንድ ጥርስ ወደ ግራ፣ አንድ ጥርስ ወደ ቀኝ። በ1947 መሸጥ ጀመረ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጠው ሰንሰለት ሁሉ በመሠረቱ ከዚያች ትል አፍ የወጣ ነው። እኔ ርካሽ ብዬ የገዛሁትም ጭምር። ቅርጹን መኮረጅ ቀላል ነው፤ ብረቱን መኮረጅ ነው የሚያቅተው።

ይህን ሁሉ አንብቤ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር የቀረው የባሕር ዛፍ ግማሽ ሲቆረጥ እኔው ራሴ አገና ሄድኩ። ሰንሰለትም ይዤ ነበር፤ ሁለት፣ ስም ያላቸው። ዋጋቸውን አትጠይቁኝ! ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ ዋጋ ሲተመን ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ባለመጋዙ ሰንሰለቶቹን ተቀብሎ ልክ አንድ የብራና ሊቅ መጽሐፍ ሲያገላብጥ እንደሚያደርገው እያንዳንዱን ጥርስ በጣቱ ዳሰሰ።

«ጋሼ፣ ያንን ያመጡት እርስዎ ነበሩ?» አለኝ።

«እኔ ነበርኩ።»

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለ ቆየት ብሎ። «ሲያኝክ እያየሁ ማቆም ነበረብኝ። ግን ልጅቷ ታማ ነበር፤ ነጋዴውም መኪና ይዞ ቆሟል። ያገኘሁትን ቆረጥኩ።»

ከዚያ በኋላ የተከተለው እኔ ተማሪ የሆንኩበት ትምህርት ነው። ማስታወሻ ደብተሬን ሳወጣ ሳቀ። መጀመሪያ ያስተማረኝ ቁጥር ማንበብ ነው። ሰንሰለት የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ማወቅ አለበት አለኝ። አንደኛው በሦስት ተከታታይ ሪቬቶች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ነው፤ ሦስት ስምንተኛ ኢንች አለ፣ ከሱ ጠበብ የሚለው «ሦስት ሃያ አምስት» አለ። ሁለተኛው በባሩ ቦይ ውስጥ የሚገባው የታችኛው ምላስ ውፍረት ነው። ሦስተኛው የእነዚያ ምላሶች ብዛት፤ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ ወይ አይገባም፣ ወይ ይላላል፣ ወይ ማርሹን ይበላል። ብዙ ጊዜ ሁሉም ባሩ ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው።

ቀጥሎ የጥርሱ ቅርጽ መጣ። ጥግዋ እንደ ካሬ ስል የሆነች ጥርስ ንጹሕ ግንድ ላይ ፈጣን ናት፤ ነገር ግን አቧራ ወይም ጭቃ ካገኘች ወዲያው ትሞታለች። ጥግዋ ትንሽ ክብ ያለች ጥርስ ዘገም ትላለች፤ ስለቷ ግን ይቆያል። «የኛ ዛፍ ሥሩ ሁልጊዜ ጭቃ የተረጨበት ነው፤ ለኛ ክቧ ትሻላለች» አለኝ። እኔ የማውቀው «ጥሩ» እና «መጥፎ» ሰንሰለት ብቻ ነበር። ለካ ጥሩውም የቦታው ነው።

ከዚያ ሞረዱን አወጣ። ክብ ሞረድ። ለሦስት ስምንተኛው 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ለጠበበው 4.8፤ ልኩ ያልሆነ ሞረድ ጥርሱን ያበላሻል። ሞረዱ የሚገፋው ከውስጥ ወደ ውጭ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ እየሳቡ መፈግፈግ ሞረዱንም ጥርሱንም መግደል ነው። ወደ 30 ዲግሪ ግድም ሰያፍ ይያዛል። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ሁለት ወይም ሦስት ግፊት፤ መጀመሪያ የግራዎቹ ሁሉ፣ ከዚያ ዞሮ የቀኞቹ ሁሉ። የአንዱ ወገን ጥርስ ከሌላው ካጠረ መጋዙ ግንዱ ውስጥ እየጠመመ ይሄዳል። «ባለፈው ግማሹ ጉቶ የተጣመመው በዚህ ነው» አለ።

ከየጥርሱ ፊት ለፊት አጠር ያለች ጉብታ አለች። እሱ «ልጓም» ይላታል፤ ይህን ቃል እኔ ብፈልገውም አላገኘውም ነበር! ጥርሱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚነክስ የምትወስነው እሷ ናት። ከጥርሱ ጫፍ በ0.65 ሚሊ ሜትር ግድም ዝቅ ማለት አለባት። ጥርሱ እየተሳለ ሲያጥር ልጓሟ ከፍ ትልበትና ስል ሆኖ ሳለ አይነክስም፤ ስለዚህ በየሦስት አራት ስለት በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ ትደረጋለች። በጣም ዝቅ ከተደረገች ደግሞ መጋዙ ፈረስ ይሆናል፤ ይረግጣል፣ ሰው ይገድላል።

ዘይቱን፣ ውጥረቱን፣ ማርሹን እየቆራረጠ ነገረኝ። ሰንሰለት ያለ ዘይት አይዞርም። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ የብረት ዱቄት ስላለበት እየቀባ ይፈጫል። ሰንሰለቱ በባሩ ሥር ተጠግቶ መቀመጥ፣ በእጅ ሲሳብ ደግሞ ያለችግር መዞር አለበት። ሲሞቅ ይለጠጣል። በሞቀበት ያጠበቁትን ሳያላሉ ካደሩ ሲቀዘቅዝ ራሱንም ማርሹንም ያንቃል። አዲስ ሰንሰለት ሌሊቱን ዘይት ውስጥ ይደር። ሁለት ሦስት ሰንሰለት በአንድ ማርሽ እያፈራረቁ መሥራት ደግሞ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ከመግዛት ይሻላል፤ አብረው ያረጃሉና። ባረጀ ማርሽ ላይ አዲስ ሰንሰለት መጫን አዲሱን ማስረጀት ነው።

«ታዲያ ለድሃ የትኛው ይረክሳል?» አልኩት። በጣቱ ጥርሷ ጀርባ ላይ የተቀረጸች ሰያፍ መስመር አሳየኝ። ጥሩ ሰንሰለት እስከዚያች መስመር ድረስ እየተሳለ ያገለግላል። ስለቷን የሚሸከመው ከላይ የተለበጠው ስስ ክሮም ነው፤ በርካሹ ላይ ልባጡ ለዓይን ያህል ነው። «ያ ያመጡት ሰንሰለት መስመሯ ጋ ሳይደርስ ተበጠሰ። ይሄኛው ዛፍ ሲቆጠር ነው ዋጋው የሚታወቀው» አለኝ። ሂሳቡን እኔ ማድረግ ነበረብኝ፤ አላደረግኩትም። የብርጭቆ ዋጋ እያየሁ የውኃውን ረሳሁ።

ሥራ ሲጀመር ከየግንዱ ሥር አፈሩንና የረገፈውን ልጥ በእግሩ፣ በመጥረቢያውም ጠረገ። ሰንሰለት መሬት አንዴ ከነካ ከአንድ ሰዓት ሥራ የበለጠ ይዶለዱማል። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ። «ጋሼ፣ ግንዱን አይዩ፤ የሚረጨውን ይዩ» አለኝ። የተሳለ ሰንሰለት ፍቅፋቂ ነው የሚረጨው፤ ወፍራም፣ ነጭ፣ እርጥብ ቅርፍ። የዶለዶመ ግን ሰጋቱራ፤ ዱቄት። ሰጋቱራ ቃሉ ከጣሊያን ነው፤ ከመጋዝ የሚወጣ ብናኝ ማለት ነው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ በየጋራዡና በየእንጨት ቤቱ የተወልን ቃል ብዙ ነው። ካቴናም ከዚያው ነው፤ ሰንሰለት ማለት። እኛ የሳይክሉንም የእስረኛውንም በአንድ ስም ጠራነው። አያቴ ያንን ሁሉ እንጨት ሲፈልጥ የሚረግፈውን በአገራችን ቋንቋ ስንጣሪ ይለው ነበር።

ቀኑን ሙሉ ቆሜ አየሁ። በየሁለት ታንክ ቤንዚኑ መሐል ያቆማል፤ ግንድ ላይ ይቀመጣል፤ ይስላል። ወንድሜ መጀመሪያ «ጊዜ ፈጀ» ብሎ ሲያጉረመርም ነበር። ከቀትር በኋላ ዝም አለ። ጉቶዎቹ ዘንበል ብለው እንደ ተላገ ሳንቃ ለስልሰዋል። ልጣቸው ዙሪያውን አልተነካም።

ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ስገባ ከአዲሱ ግማሽ ያላቆጠቆጠ ጉቶ ፈልጌ ያገኘሁት አምስት ብቻ ነው። ቡቃያው ከወገቤ በላይ ደርሷል፤ ነጭ ባሕር ዛፍ በልጅነቱ ቅጠሉ ብርማ ሰማያዊ ነው፤ ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት ያሳሳል። የድሮው ግማሽ ግን ያው እንደ ጠቆረ ነው። ወንድሜ ጉቶውን ነቅሎ እንሰት ሊተክልበት አስቧል።

እኛ አገር ለመስቀል ማገዶ ማዘጋጀት የወንድ ዕዳ ነው። ባለመጋዙም እኛን ለመርዳት መጥቶ ነበር። ምሳ ሲደርስ አሮጊቷ አክስቴ ክትፎውን በጣባ፣ ቆጮውን በቅጠል አቀረበች። ለሱ ግን ለብቻ በላስቲክ ሳህን አውጥታ በሩ አጠገብ አኖረችለት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሕይወቷን ሙሉ እንዲያ ስታደርግ ነው የኖረችው። እሱ ሳህኑን አየ። «ቆይ እጄን ልታጠብ» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ደጁ ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀምጦ ሞረዱን ይዞ ጥርስ መቁጠር ጀመረ።

ወንድሜ ያን መሐል ምሶሶ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ጣባውን ከነቆጮው አንሥቶ ወጣ። አክስቴ ምንም አላለችም። እኔ ተከተልኩት። ሦስታችን እዚያው ግንዱ ላይ፣ መጋዙን መሐል አስቀምጠን ከአንድ ጣባ በላን። ቅቤው የሰንሰለት ዘይት፣ የሰንሰለት ዘይት ይል ነበር።